በቡና አገር ስላለው የዶሮ ተቅማጥ፥ ምልክቱና ሕክምናው

የቤት ሀብት ሲቈጠር አስቀድሞ የሚነገረው መሬቱ፥ ቡናው፥ ከብቱና ንቡ ነው። ዶሮ ከሁሉ በኋላ ይጠራል፤ ብዙ ጊዜም ሳይጠራ ይቀራል። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ቀበሌዎች የአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ኑሮ ከዓመት እስከ ዓመት ቢመረመር፥ ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በለቀማው ወራት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በፊት ባሉት ረጅም የዝናም ወራት ጨውና ሳሙና የሚገዛው፥ ለተማሪ ልጅ ደብተር የሚወጣው፥ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድበት ገንዘብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዕንቍላልና ከዶሮ ዋጋ ነው። ይህም ሀብት ይልቁንም በሴቲቱ እጅ ያለ ሀብት ስለ ሆነ፥ ዶሮ ባለቀ ጊዜ ባዶ የሚሆነው የእናት መቀነት ነው።

በነዚህ ቀበሌዎች ዶሮ በሞተ ጊዜ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ፈንግል ገባ» ይባላል። ፈንግል፥ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የኒውካስል በሽታ የተባለው፥ ዶሮን በመንጋ የሚፈጅ ክፉ በሽታ ነው፤ ከያዘም በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ስሙ ከተጠራ ዘንድ ባለዶሮዪቱ የምታደርገው የታወቀ ነው። ገና በእግራቸው የቆሙትን ዶሮዎች ቶሎ ወደ ገበያ አውጥታ በርካሽ ትሸጣለች፤ የደከሙትን ታርዳለች፤ የቀሩትንም እግዚአብሔር ያውቃል ብላ ትተዋለች። ነገር ግን ተቅማጥ የያዘው ዶሮ ሁሉ ፈንግል የያዘው አይደለም። በሞቃትና በርጥብ አገር ጫጩትንና ቄብን አብዝቶ የሚገድል፥ በጊዜው ከታወቀ ግን በርካሽ መድኃኒት የሚድን ሌላ የአንጀት በሽታ አለ። ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ስም መጥራት፥ ሊድን የሚችለውን ዶሮ ሳይታከም እንዲሞት መፍረድ ነው።

ይህ ጕዳይ ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለወረዳ ሹማምንት የሚገባ መሆኑ ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ዛሬ ዶሮ በመንግሥት ሠራተኞች አማካይነት በብዛት ለሕዝብ የሚታደል ሆኗል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ሥራ፥ ከወተትና ከማር ጋራ ዕንቍላልንና የዶሮ ሥጋን ለማብዛት የታሰበ ስለ ሆነ፥ ቄብ ወደየቤቱ ይገባል። ሁለተኛው፥ የታደለው ዶሮ በወሩ ያለቀ እንደ ሆነ የሚጠፋው ዶሮው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በምክሩና በመካሪው ላይ ያለው እምነት አብሮ ይጠፋል።

ስለ አገሩና ስለ ዶሮው

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተመሠረተ ጊዜ፥ ሚዛን ተፈሪ ያለችበት የቤንች ሸኮ ዞንና ቴፒ ያለችበት የሸካ ዞን በአንድነት ወደ አዲሱ ክልል ገቡ። አገሩ የደን፥ የቡና፥ የቅመማ ቅመም፥ የእንሰትና የጎደሬ አገር ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፥ የዓመቱ ዝናም ከ1500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የቀኑም ሙቀት ብዙ ጊዜ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። መሬቱ በዛፍ ጥላ ሥር ስለ ሆነ፥ ዝናሙ ካባራ በኋላም ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ይቈያል። ይህ ጠባይ ለቡናና ለኮረሪማ የተመቸ ነው፤ ለዶሮ አንጀት በሽታም ከዚህ የተሻለ አገር አይገኝም።

የአገሩ ዶሮ በዚህ ርጥበት ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሯል። አንዲት እናት ዶሮ ጫጩቶችዋን አስከትላ በጓሮ ስትጭር፥ ጫጩቶቹ ከመሬት ላይ የበሽታውን ዘር ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይለቅማሉ። ዘሩ ጥቂት ስለ ሆነ አይገድላቸውም፤ ሰውነታቸው ግን በሽታውን መቋቋም ይለምዳል። ስፍራውም ሰፊ ስለ ሆነ ኵሱ በአንድ ቦታ አይከማችም። ስለዚህ የአገሩ ዶሮ ከአንጀት በሽታ ፈጽሞ ነጻ ባይሆንም በዚህ ምክንያት በመንጋ ሲያልቅ ብዙ አይታይም።

የውጭ አገር ዘር ዶሮ ጕዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት፥ ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ኦስትራሎርፕ፥ ኒው ሃምፕሻየርና ነጭ ሌግሆርን የተባሉት ዘሮች ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ ገብተው ነበር። ዛሬ የሚታደሉት ደግሞ እንደ ቦቫንስ ብራውንና እንደ ሳሶ ያሉት ናቸው። እነዚህ ጫጩቶች በመፈልፈያ መኪና ተፈልፍለው፥ ያለ እናት፥ በደረቅ ቤት ያደጉ ናቸው። የሚበሉትም መኖ ብዙ ጊዜ የደም ተቅማጥን የሚያግድ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው። ለገበሬው የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ 45 ቀን ያህል ሲሆናቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ከደረቁ ቤት ወደ ርጥብ ጓሮ፥ መድኃኒት ካለበት መኖ ወደ በቆሎ ጥሬ በአንድ ቀን ሲዛወሩ፥ በሽታውን ሳያውቁት በድንገት ያገኛቸዋል። የመንገዱም ድካም ተጨምሮበት ኃይላቸው ይቀንሳል።

የደም ተቅማጥ ጠባይ

ይህ በሽታ በሐኪሞች ዘንድ ኮክሲዲዮሲስ ይባላል። የሚያመጣውም ኤይሜሪያ የሚባል፥ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ወገኑ ብዙ ሲሆን እያንዳንዱ በዶሮ አንጀት ውስጥ የየራሱን ስፍራ ይዞ ይኖራል። ከሁሉ የከፋው ኤይሜሪያ ቴኔላ ወደ አንጀቱ መጨረሻ ባሉት በሁለቱ ዕውር አንጀቶች ውስጥ ይሰፍራል፤ ኤይሜሪያ ኔካትሪክስ ደግሞ መካከለኛውን አንጀት ያቈስላል። ተሕዋሱ የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ ሰርስሮ ስለሚያፈርሰው ደም ይፈስሳል።

ለመከላከል ዋና ቍልፍ የሚሆነው ነገር የሚከተለው ነው። የታመመው ዶሮ የተሕዋሱን ዘር ከኵሱ ጋራ ይጥላል፤ ነገር ግን ዘሩ በወደቀበት ሰዓት ሌላውን ዶሮ ለማሳመም አይችልም። ለመብሰል አየር፥ ሙቀትና ርጥበት ያስፈልገዋል። እነዚህን ካገኘ ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ይበስላል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ሙቀትም በጣም ይስማማዋል። ከበሰለ በኋላ በዶሮ የተዋጠ እንደ ሆነ፥ በአንጀት ውስጥ እጅግ ተባዝቶ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ዘር ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ዛሬ የወደቀ ኵስ ዛሬ አይጐዳም፤ ከነገ ወዲያ ግን መርዝ ነው። በየቀኑ ኵስ የሚጠረግበት ደረቅ ቤት ከበሽታው የሚድነው፥ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጠረገው ርጥብ ቤት ግን የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲገለጽ ለምሳሌ ያህል አንዲት ወይዘሮ በዝናም ወራት 10 ቄቦች ተቀበለች እንበል። ማታ ማታ በአንዲት ጠባብ ቤት ታጐራቸዋለች፤ የውሃው ዕቃ በመሬት ላይ ስለ ተቀመጠ ዙሪያው ጭቃ ሆኗል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደኅና ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ቄብ ላባውን አቁሞ፥ ክንፉን ጥሎ፥ ዐይኑን ጨፍኖ በጥግ ይቆማል። በማግሥቱ ሦስት ይሆናሉ፤ በኵሱ ላይም ደም ይታያል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ይሞታሉ። ጐረቤት ፈንግል ነው ይላታል፤ የቀሩትን ስምንት በቅዳሜ ገበያ ትሸጣቸዋለች። እነዚያም ስምንት ዶሮዎች በሽታውን ወደ ስምንት ቤት ይዘው ይገባሉ። በመጀመሪያው ቀን ኵሱን የተመለከተና መድኃኒቱን በውሃ የሰጠ ሰው ቢገኝ ኖሮ ግን፥ ከዐሥሩ አብዛኞቹ በሕይወት ቈይተው ዕንቍላል ለመጣል በበቁ ነበር።

በሽታውን ከኵሱ ስለ መለየት

ሐኪም ሰውን ሲመረምር የሰውነቱን ትኵሳት እንደሚለካ፥ ዶሮ የሚያረባ ሰው በየማለዳው ከቆጥ ሥር ያለውን ኵስ መመልከት ይገባዋል። አስቀድሞ የደኅናውን ኵስ ማወቅ ያስፈልጋል። ደኅና ዶሮ የሚጥለው ጠንከር ያለ፥ መልኩ ቡናማ ወይም አመድማ፥ በአናቱም ነጭ ነገር ያለበት ኵስ ነው። ያ ነጭ ነገር ሽንት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። እንዲሁም በቀን ጥቂት ጊዜ ከዕውር አንጀት የሚወጣ፥ የሚጣበቅና የሚሸት ጥቍር ቡናማ ኵስ አለ፤ ይህም የጤና ነው። ከዚህ የተለየ ሲታይ ግን እንደሚከተለው መለየት ይቻላል።

ደም ያለበት ወይም የበሰበሰ ቲማቲም የመሰለ ኵስ፥ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 8 ሳምንት በሆኑት ላይ ሲታይ፥ አስቀድሞ የደም ተቅማጥን ማሰብ ይገባል። የታመመው ዶሮ መኖ ይተዋል፤ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይነጣል፤ ብርድ እንደ ያዘው ሁሉ ይጨማደዳል። ደም ሳይታይ ውሃ የመሰለ ወይም ንፍጥ ያለበት ተቅማጥ ብቻ የሚያመጣ የዚሁ በሽታ ዓይነትም አለና፥ ደም ስለ ጠፋ ብቻ በሽታው አይደለም ማለት አይገባም።

አረንጓዴ ውሃማ ተቅማጥ ሆኖ፥ ከዚህም ጋራ ማነቅና ማስነጠስ፥ የአንገት መጠምዘዝ፥ የእግርና የክንፍ መስነፍ ሲታይበት፥ ትልቁም ትንሹም ዶሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲረግፍ፥ ያ ፈንግል ለመሆኑ ብርቱ ምልክት ነው። የደም ተቅማጥ ከሁሉ ይልቅ ጫጩትንና ቄብን ሲመርጥ፥ ፈንግል ግን ክትባት ያላገኘውን ዶሮ ዕድሜ ሳይመርጥ ይወስዳል።

ከተፈለፈሉ 3 ሳምንት ያልሞላቸው ጫጩቶች ነጭ ተቅማጥ ይዟቸው፥ ከጭራቸው በታች ያለው ላባ በነጭ ኵስ ሲጣበቅ፥ ከእናቲቱ በዕንቍላል የሚተላለፈው ፑሎረም የተባለው የሳልሞኔላ ወገን በሽታ ይጠረጠራል። የዚሁ ዘመድ የሆነው የዶሮ ታይፎይድ ደግሞ ትልልቆቹን ይይዛል፤ ተቅማጡም ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ በድንገት የሚመጣ ነጭና ውሃማ ተቅማጥ ጉምቦሮ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ዶሮው ሳይሞት እየበላ የሚከሳ፥ ዕንቍላል የሚያሳንስ፥ የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ የሚወጣ እንደ ሆነ ግን፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወስፋት ወይም ኮሶ ነው። ወስፋት በዐይን የሚታይ ነጭ ረጅም ትል ነው፤ ኮሶ ደግሞ እንደ ጥብጣብ የተቈራረጠ ነው። የኮሶው ዘር በጕንዳን፥ በጢንዚዛና በዝንብ ሆድ ውስጥ ስለሚኖር፥ በጓሮ የሚጭር ዶሮ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል።

የሞተውን ዶሮ ስለ መመርመር

ኵሱን ተመልክቶ መለየት ያልተቻለ እንደ ሆነ፥ የሞተው ዶሮ ራሱ ይመሰክራል። ይህ ሥራ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ሐኪም በሩቅ በሆነ ጊዜ ግን አንድ ሁለት ዶሮ ብቻ የሞተ እንደ ሆነ፥ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ወይም የተማረ ገበሬ ሊመለከተው ይችላል። ዶሮን ለበዓል በብልቱ ማውጣት የሚያውቁ እናቶች የደኅናውን ዶሮ አንጀት መልክ ጠንቅቀው ያውቃሉና፥ ልዩነቱን ለማየት አይቸገሩም።

ሲከፈትም እጅን በላስቲክ ሸፍኖ፥ ከቤትና ከውሃ ርቆ፥ በሰፊ የኮባ ቅጠል ላይ ማድረግ ይገባል። ሁለቱ ዕውር አንጀቶች አብጠው፥ ደም ወይም የረጋ ደም ሞልቷቸው ቢገኙ፥ ይህ የደም ተቅማጥ የታወቀ ምልክት ነው። መካከለኛው አንጀት ተነፍቶ ከውጭ ነጭና ቀይ ነጥብ ቢታይበትም ከዚሁ ወገን ነው። ትል ቢገኝ ወዲያው ይታያል። ከምርመራው በኋላ ሥጋው ለሰውም ለውሻም ሳይሰጥ፥ ከነቅጠሉ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ኖራ ተጨምሮበት ይቀበር፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። የደም ተቅማጥ ተሕዋስ የዶሮ ብቻ ስለ ሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሳልሞኔላ ግን ሰውን፥ ይልቁንም ሕፃናትን፥ የሚያሳምም ወገን አለውና መጠንቀቅ የግድ ነው።

ብዙ ዶሮዎች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የሞቱ እንደ ሆነ ግን ማንም ሰው ሳይከፍታቸው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባዋል። በሚዛን የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ከዚያም የበለጠ ምርመራ ሲያስፈልግ በሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

ስለ ሕክምናው

የደም ተቅማጥ መድኃኒት መገኘት የቅርብ ዘመን ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 በአሜሪካ ሌቪን የተባለው የእንስሳት ሐኪም የሰልፋ ወገን የሆነው መድኃኒት ይህን በሽታ እንደሚገታ ገለጸ፤ ከዚያ በኋላ የተሻሉ መድኃኒቶች ተከታትለው ወጡ። ዛሬ በአገራችን በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚገኘው አምፕሮሊየም የተባለው ዱቄት ነው።

ከመቶው 20 እጅ አምፕሮሊየም ያለበት ዱቄት ሲሆን፥ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1.2 ግራም ተበጥብጦ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መጠኑ ወደ 0.3 ግራም ዝቅ ብሎ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቀጥላል። ውሃው በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። የዱቄቱ ኃይል በየፋብሪካው ስለሚለያይ፥ በዕቃው ላይ የተጻፈው መጠንና የእንስሳት ሐኪሙ ቃል ከሁሉ ይቀድማል። መድኃኒቱ ተሕዋሱን የሚያስርበው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በመከልከል ስለ ሆነ፥ በሕክምናው ቀናት ይህ ቫይታሚን የበዛበትን ዱቄት አብሮ መስጠት መድኃኒቱን ማድከም ነው። ቫይታሚኑ ከሕክምናው በኋላ ይሰጥ።

በዝናም አገር ሕክምናውን ከንቱ የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። ዶሮ መድኃኒት ያለበትን ውሃ የሚጠጣው ሌላ ውሃ ሲያጣ ነው። በጓሮው ኩሬ፥ በኮባው ቅጠልና በሰኮና ፋና ውስጥ የዝናም ውሃ ሞልቶ ሳለ የተለቀቀ ዶሮ፥ ከመድኃኒቱ ሳይቀምስ ይውላል። ስለዚህ የታከሙት ዶሮዎች እስኪድኑ ድረስ በደረቅ ቤት ተዘግተው፥ ከመድኃኒቱ ውሃ በቀር ሌላ እንዳያገኙ ማድረግ ይገባል። ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ያደሩት ሁሉ ይታከሙ፤ አንዱ ታሞ ሲታይ ሌሎቹ ዘሩን ውጠውታልና። ከመጠጣት የደከመውን ለይቶ በአፉ በጠብታ ማጠጣት ያስፈልጋል።

የሰልፋ ወገን መድኃኒቶችም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን መጠናቸው ሲበዛ ዶሮውን ይጐዳሉ፤ በዕንቍላልና በሥጋ ውስጥም ስለሚቀሩ ዕንቍላል ለሚጥሉ ዶሮዎች አይሰጡም። ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ፍሬ ፈልፍሎ በውሃ መበጥበጥ በብዙ ቤት የተለመደ ቢሆንም፥ የደም ተቅማጥን ተሕዋስ አይገድልም። ገንዘብንና ቀንን ከማባከኑም በላይ፥ መድኃኒቱ ለሰው በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ተሕዋስያንን ያስለምዳል። ነጭ ሽንኩርት፥ ፌጦ፥ ሎሚና አረቄ መስጠትም የቆየ ልማድ ነው፤ እነዚህ በመድኃኒቱ ስፍራ ሲገቡ ግን የሚያልፈው የመዳኛው ቀን ነው።

ለወስፋት ፒፐራዚን የተባለው መድኃኒት ይበቃል፤ ኮሶን ግን አያወጣምና ለእርሱ ሌላ መድኃኒት ሐኪሙ ይመርጣል። ፑሎረም የያዛቸው ጫጩቶች ቢድኑም እንኳ ዘሩን ተሸክመው ስለሚኖሩ ለእርባታ አይቀመጡም፤ ዕንቍላላቸውም አይታቀፍም። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 የተቋቋመው በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግልን፥ የጉምቦሮን፥ የዶሮ ታይፎይድንና የሌሎችንም ክትባት ያዘጋጃል። ከፈንግል ክትባቶች አንዱ ሙቀትን በመጠኑ የሚችል፥ በዐይን ጠብ የሚደረግ ስለ ሆነ ለገጠር ይመቻል፤ በየ3 እና በየ4 ወሩም ይደገማል። ነገር ግን የፈንግል ክትባት የደም ተቅማጥን አያግድም። የተከተበ ዶሮ በደም ተቅማጥ ሞቶ «ክትባቱ ከንቱ ነው» የሚል ወሬ እንዳይነሣ፥ ይህን ለሕዝቡ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ መከላከሉ

ከመድኃኒት ይልቅ የሚበልጠው ደረቅ ቤት ነው። በዚህ አገር ቀርቀሃ ሞልቷልና፥ የዶሮውን ቤት ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በእንጨት ማቆም፥ ወለሉንም በቀርቀሃ ፍልጥ ኵሱ በሚወርድበት መጠን አራርቆ መሥራት ይቻላል። ኵሱ ከታች ወድቆ ዶሮው ስለማይረግጠው፥ የበሽታው ዘር ቢበስልም የሚውጠው አያገኝም። ከታች የወደቀውም በየቀኑ ተጠርጎ ራቅ ወዳለ የፍግ ጕድጓድ ይወሰድ፤ ከበሰበሰ በኋላ ለቡናና ለእንሰት ማዳበሪያ ይሆናል።

ቤቱ በመሬት ላይ ያለ እንደ ሆነ፥ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ድርቆሽ ተነጥፎበት የረጠበው በየቀኑ ይነሣ። የሻገተ የቡና ገለባ ግን ለንጣፍ አይሆንም። የውሃው ዕቃ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ መኖውም በመሬት ላይ ሳይበተን በገበታ ይሰጥ። በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ ከ8 የማይበልጡ ቄቦች ይደሩ። ጫጩቶች ከትልልቆቹ ተለይተው ይደጉ፤ ደኅና የሚመስለው ትልቅ ዶሮ ዘሩን ይጥላልና። በረኪናም ሆነ የተለመደው የጽዳት መድኃኒት ይህን ዘር አይገድለውም፤ የሚገድለው የፈላ ውሃ፥ የበረታ ፀሐይና ድርቀት ነው።

ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፥ ዶሮ ከመታደሉ በፊት የተቀባዩ የዶሮ ቤት በዐይን ይታይ። ቤት ሳይሠራ፥ ይልቁንም በከባዱ የዝናም ወራት፥ ቄብ ማደል የዕደላውን ቍጥር ቢያሳምርም የገበሬውን ቤት አያሳምርም።

ሁለተኛ፥ ከአሳዳጊው ድርጅት ቄቡን ሲረከቡ የተሰጠው ክትባትና በመኖው የነበረው መድኃኒት በጽሑፍ ይጠየቅ። የመኖው ለውጥም በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

ሦስተኛ፥ መድኃኒቱ ከዶሮው በፊት ቀበሌው ይድረስ። በሽታው ከታየ በኋላ ከከተማ መድኃኒት ለማምጣት ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ፥ መድኃኒቱ የሚደርሰው ለቀብር ነው።

አራተኛ፥ ሞት በተሰማ ጊዜ የሞቱት ቍጥር፥ ዕድሜያቸው፥ የኵሱ መልክና ቀኑ ተጽፎ ለወረዳው ይላክ። «በፈንግል ሞቱ» ብሎ መጻፍ የሚገባው ምልክቱ ከታየ በኋላ ነው።

አምስተኛ፥ የታመመ ዶሮ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ሕዝቡ ይመከር፤ ይልቁንም ዶሮ ከየስፍራው በሚሰበሰብበት በፋሲካ፥ በገናና በእንቍጣጣሽ ሰሞን። ነገር ግን ይህ በቅጣት ብቻ አይፈጸምም። ያላትን ስድስት ዶሮ ልታጣ የተቃረበች ድኻ ሴት ቅጣት ብትፈራ በሌሊት አውጥታ ትሸጣለች እንጂ አታስቀምጥም። በሽታው የሚድን መሆኑን ያወቀችና መድኃኒቱን በቅርብ ያገኘች ሴት ግን ራስዋ ታስቀምጣቸዋለች።

ስድስተኛ፥ ሰፊ የቡና እርሻ ያላቸው ሰዎች በእርሻቸው ላይ የሚኖሩት ሠራተኞች የሚያረቡትን ዶሮ እንደ ጥቃቅን ነገር አይቍጠሩት። ጥቂት የቀርቀሃ ፍልጥና አንድ ከረጢት ሰጋቱራ መስጠት ለባለ እርሻው ቀላል ነው፤ ለሠራተኛው ቤት ግን ለልጆች የሚበላ ዕንቍላል ይሆናል።

እንግዲህ ወደ አንድ ቀበሌ የደረሰ ሹም «ዶሮው ሁሉ በፈንግል አለቀ» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ፥ ሐዘኑን ገልጾ ከማለፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የሞቱት ትልልቆቹ ናቸው ወይስ ቄቦቹ? ኵሱ ምን ይመስል ነበር? ያደሩበትስ ቤት ደረቅ ነውን? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ በብዙ ቤት ገና በሕይወት ያሉትን ዶሮዎች ያድናል።